የግሸን መንገድና የሕፃናት አንጎል

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘውን ሕዝብ እናስብ። ከአምባው አናት ላይ ምእመናኑ ወደ ፈለጉበት ይዘዋወራሉ፤ በገደሉ በኩል በሚያወጣው ጠባብ መንገድ ግን ከመውጣትና ከመውረድ በቀር ወደ ጎን ማለት አይቻልም። በሌሊት ከሩቅ ሆኖ የጧፉን ብርሃን እንቅስቃሴ ብቻ የሚመለከት ሰው፣ መንገዱን ባያየውም በየት እንደሚያልፍ ሊናገር ይችላል።

የሕፃናትን አንጎል የሚያጠኑ ሊቃውንትም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ነጩ የአንጎል ክፍል አንዱን የአንጎል ስፍራ ከሌላው የሚያገናኙ የነርቭ ክሮች የተሰበሰቡበት ነው። በውስጡ ያለው ውሃ በክሮቹ ርዝመት በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፤ ክሮቹን አቋርጦ ለመሄድ ግን ይቸገራል። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ያለ ራጅ ጨረር፣ በመግነጢስና በራዲዮ ሞገድ ኃይል፣ ይህን እንቅስቃሴ ቢያንስ በ6 አቅጣጫ ይለካል። ውሃው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሄደ ውጤቱ 0 ይሆናል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ወደ 1 ይጠጋል። ሕፃኑ ጠብቶና ተጠቅልሎ እንደ ተኛ ሊለካ ይችላል።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ከ32 ሳምንት በፊት ለሚወለዱት አደጋው ይበረታል፤ የነርቭ ክሮችን በስብ የሚሸፍኑት ሕዋሳት ገና ለጋ ስለ ሆኑ የኦክሲጅን እጥረትና ኢንፌክሽን በቀላሉ ይጎዳቸዋል። ፔትራ ሁፒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ሕፃናት መወለድ በነበረባቸው ጊዜ ሲለኩ፣ በአንዳንድ የነጩ ክፍል ስፍራዎች የውሃው ጉዞ በጊዜያቸው ከተወለዱት ይልቅ አቅጣጫው ያልጠራ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገር ግን ከቁጥር ተነሥቶ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። በመስቀለኛ መንገድ ላይ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን ስለሚሄድ፣ ከሩቅ ለሚያይ መንገድ የሌለ ይመስላል። እንዲሁም ክሮች በሚቆራረጡበት ስፍራ ጉዳት ሳይኖር ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል። ደግሞም የብዙ ሕፃናት አማካይ የአንዱን ሕፃን ዕድል አይወስንም። ስለዚህ «ይህ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ብሎ ከሥዕል ላይ ማንበብ የዕውቀት ሥራ አይደለም።

ታዲያ ለአገራችን ምን ይበጃል? ሥዕሉ የሚጠቅመው የትኛው እንክብካቤ አንጎልን እንደሚጠብቅ ሲያስተምረን ነው፤ እንክብካቤው ግን መሣሪያውን መጠበቅ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ እንዲውል መክሯል። በአምባሰል ተራሮች የምትወልድ እናት ሙቀቷም ወተቷም ከእርሷ ጋር ነው፤ የሚያስፈልጋት በሰዓቱ የሚደርስላትና የሚያስተምራት ሰው ነው። ይህን ማሟላት የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ግዴታ ነው እንላለን።