ፈረሱ ሲጫን ለምን ይቆጣል?

ኮርቻ ሲቀርብለት ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያጥፍ፣ ጠፍር ሲጠብቅበት ለመንከስ የሚዞር፣ ጀርባውን ሲነኩት ወገቡን ዝቅ የሚያደርግ ፈረስ በኢሉባቦር፣ በኖፓ መንደርም ሆነ በመቱ ገበያ፣ ቶሎ «ክፉ» ይባላል። ስሙ ከወጣለት በኋላ መድኃኒቱ አለንጋ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እያለ ጌታን በፈረሱ ስም የጠራ አገር፣ ፈረሱ ለምን እንዳኮረፈ ለመጠየቅ ግን ትዕግሥት ያንሰዋል። ትናንት ዝም ብሎ ይጫን የነበረ ፈረስ ዛሬ እምቢ ካለ ምክንያት አለው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ በዓይንና በእጅ ይገኛል።

የቱ ላይ ይጀምራል?

ምርመራው በዚህ ጥያቄ ይጀመር። ኮርቻውን ከሩቅ አይቶ የሚሸሽ ፈረስ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ኮርቻው ሲያርፍበት የሚሸማቀቅ ከሆነ ጀርባው ይታይ። ኮርቻውን ተቀብሎ ጠፍሩ ላይ የሚነክስ ከሆነ ደረቱ፣ ብብቱና ሆዱ ይመርመሩ። ሰው እስኪወጣበት ጸጥ ብሎ፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚያስቸግረው ደግሞ ኮርቻው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ትከሻውን የሚመታው ሊሆን ይችላል።

ፊቱንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ከማኮላሸት በኋላ ያሉ ፈረሶችን አይቶ 6 የሕመም ምልክቶችን ለይቷል። እነሱም ወደ ኋላ የደረቀ ጆሮ፣ የጠበበ ዓይን፣ ከዓይን በላይ የተወጠረ ጡንቻ፣ ጎልቶ የወጣ የመንጋጋ ጡንቻ፣ የተጨመደደ አፍና የተወጠረ አፍንጫ ናቸው። አገራችን ያሉ ልምድ ያላቸው ፈረሰኞች ይህን ሳይቆጥሩ ያውቁታል፤ ለጀማሪ ግን ቁጥሩ ይረዳል።

ጀርባውን መዳበስ

ፈረሱ ሜዳ መሬት ላይ በአራት እግሩ እኩል ይቁም፤ ኮርቻው ከአጠገቡ ይራቅ። ከትከሻው አናት ተነስታችሁ በጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ መዳፋችሁን በመጠኑ ተጭናችሁ እስከ ወገቡ ውረዱ። ጠንከር ያለ እብጠት፣ ሙቀት፣ የረገፈ ፀጉር፣ እከክ ፈልጉ። ገና ገጣባ ያልሆነ ቦታ ከአካባቢው ይሞቃል፤ ስትነኩትም ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ዓይን የሚያየው ቁስሉ ከፈነዳ በኋላ ነው፤ እጅ ግን ቀድሞ ይደርስበታል።

ፈረስ 18 ጥንድ የጎድን አጥንት አለው። ኮርቻም ሆነ ጭነት ከመጨረሻው ጎድን ወዲያ ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ ወደ ኋላ ያለውን ወገብ ከስር የሚደግፈው ጎድን የለም። ልጅ አፈናጥጦ ገበያ የሚወርድ ሰው ልጁን ያስቀመጠው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

ኮርቻው ራሱ

የአገራችን ኮርቻ አሠራር በመሠረቱ ጥሩ ነው። ሁለት የጎን እንጨቶች በጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ ያርፋሉ፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነ አጥንቱ ነፃ ይሆናል። ችግሩ እንጨቱ የተጠረበው ለአንድ ጀርባ ሆኖ ሳለ ሦስት ፈረስና አንድ በቅሎ ሲጫንበት ይመጣል። ፈረሱ ያው ቢሆን እንኳ ጀርባው ያው አይደለም። ክረምቱን ሳይሠራ ሣር ሲግጥ ከርሞ ቡና በሚለቀምበት በጥቅምትና በኅዳር የሚጫን ፈረስ ወፍሯል፤ በጥር ከስቶ ይገኛል። ለወፍራሙ የጠበበው ኮርቻ ለከሲታው ወርዶ አጥንቱን ይነካል።

ስለዚህ ሰው ተቀምጦበት እያለ በኮርቻው ፊትና በትከሻው አናት መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት አስገቡ። ካልገባ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ጥፋተኛው ተገኝቷል። እንጨቱ ተሰንጥቆ እንደሆነም ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ጨምቁት፤ ቆዳ የተለበጠበት ስንጥቅ ለዓይን አይታይም፤ ይንቀሳቀሳል እንጂ።

ሁለት ቀላል መፈተኛዎች አሉ። አንደኛው ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ከኮርቻው ስር አንጥፎ ጥቂት መጋለብ ነው። ጨርቁ በሁለቱም ጎን በእኩል ከቆሸሸ ኮርቻው በእኩል አርፏል፤ አንድ ቦታ ብቻ ከጠቆረ ጫናው እዚያ ነው። ሁለተኛው ላቡን ማየት ነው። ፈረሱ እስኪያልበው ሠርቶ ኮርቻው ሲወርድ፣ በላብ በራሰ ጀርባ መሃል ደርቆ የቀረ ቦታ ካለ ተጠርጣሪ ነው፤ ከባድ ጫና ላብ እንዳይወጣ ይከለክላል።

ስለ ድብዳብ አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ገጣባ የሚወለደው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የማዳበሪያ ከረጢት አጥፎ ከኮርቻ ስር ማድረግ ተለምዷል። ርካሽ ነው፣ አይቀደድም፤ ላብ ግን አይመጥም፣ እጥፋቱም ቆዳ ይልጣል። አሮጌ ብርድ ልብስ ይሻላል። በየምሽቱ ይራገፍ፣ በየሳምንቱ ይታጠብ። ከጫካ ቡና ውስጥ የወጣ ድብዳብ ጨጎጊት ሳይይዝ አይቀርም፤ አንዲት ፍሬ ከሰው ክብደት ስር ስትሆን ምን እንደምታደርግ መገመት አያዳግትም።

ዝናቡና ገንዲው

ኢሉባቦር ከአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እርጥብ ድብዳብ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ በትንሽ ፍትጊያ ይላጣል። ውጭ የሚያድር ፈረስ ጀርባው ላይ ፀጉሩ በትንንሽ እከክ ተጣብቆ ከተገኘ ይህ ከእርጥበት ጋር የሚመጣ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እስኪድን አይጫን።

በዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገንዲ ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ቦታ ካገኙ በኋላ የኢሉባቦር ቡና በጎሬና በቡሬ አድርጎ ወደዚያ ይወርድ ነበር፤ የደጋ ከብት ቆላ ሲወርድ በገንዲ ማለቁ የዚያ ንግድ ትልቅ ፈተና ነበር። ዛሬም ወደ ወንዝ ሸለቆዎች የሚወርድ ፈረስ ዝንቡ ያገኘዋል። በገንዲ የተያዘ ፈረስ እየበላ ይከሳል፣ ድዱ ይነጣል፣ ከሆዱ በታች ያብጣል። ጠፍሩ የሚያልፈው እዚያው እብጠት አጠገብ ነው። ይህን ፈረስ ኮርቻ ቢቀየርለት አይድንም፤ ደሙ በእንስሳት ጤና ኬላ ይመርመር።

በጠፍሩ መስመር ወይም በእግሩ ላይ በተርታ የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እብጠቶች ከታዩ ደግሞ ዕቃውን ለሌላ ፈረስ አታውሱ። በወይና ደጋ የጋሪ ፈረሶች ላይ የተለመደ በሽታ ነው፤ በቁስል በኩል ይተላለፋል።

ሆድ፣ ብብትና አፍ

ብብቱ ውስጥ መዥገር ይፈለግ። ጠፍሩ በአንድ ትንፋሽ አይታሰር፤ ላላ ተደርጎ ይጀመር፣ ፈረሱ ጥቂት ይራመድ፣ ከዚያ ይጥበቅ።

የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ያመነጫል። ሌሊቱን ታስሮ ጾሙን ያደረ ፈረስ ጠዋት ጠፍር ሲጠብቅበት ቢቆጣ ሆዱ ተቃጥሎ ይሆናል። ከመጫኑ በፊት ሣር ይቅረብለት። «ጠግቦ አይሮጥም» የሚለው ሰበብ ለእፍኝ ሣር አይሠራም። ልጓም ሲያይ ብቻ ራሱን የሚያነሳ ከሆነ ግን ኮርቻውን ትታችሁ ጥርሱንና ምላሱን እዩ።

ሕመሙ ካለፈ በኋላ

ቁስል ይድናል፤ ፍርሃቱ ግን ይቆያል። ጀርባው ንጹሕ፣ ኮርቻው ልክ፣ ሆዱ ጤነኛ ሆኖ አሁንም የሚሸሽ ፈረስ እንደ አዲስ ይለማመድ። መጀመሪያ ድብዳብ ብቻ፣ ሌላ ቀን ኮርቻ ያለ ጠፍር፣ ቀጥሎ ላላ ያለ ጠፍር፣ በመጨረሻ ሰው። በየደረጃው ዝም ካለ ይቀጥላል፤ ከተሸማቀቀ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ገጣባ የሆነውን ፈረስ ማሳረፍን የሚተካ ነገር የለም። ቁስሉን ፈልቶ በበረደ ውኃና በጥቂት ጨው እጠቡ፣ ከዝንብ ጠብቁ። በጋለ ብረት መተኮስና የተቃጠለ ዘይት መቀባት ሌላ ቁስል ይጨምራሉ። ድብዳቡን ቁስሉ ላይ ቀዶ መጫንም አልደግፍም፤ የቀዳዳው ጠርዝ አዲስ ቁስል ይከፍታል።

ፈረስ ልትገዙ ከሆነ ኮርቻውን አስወርዱ። በጥቁር ወይም በቀይ ፈረስ ጀርባ ላይ ነጭ የፀጉር ነጠብጣብ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ገጣባ ምልክት ነው፤ ዕድሜ ልኩን አይለቅም። ሻጩን የትኛውን ኮርቻ ይጭነው እንደነበር ጠይቁት፤ ያንን ኮርቻ ግን አብራችሁ አትግዙ።