ከቅርጫቱ ሥር ውጪ

አንቺ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድንሽን አሰላለፍ ደብተርሽ ላይ በአምስት ክብ ስለሽ ራስሽን ለምን ቅርጫቱ ሥር ተከልሽው? ገብቶኛል፤ ረጅም ስለሆንሽ «እዚያ ቁሚና እጅሽን አንሺ» ብለውሻል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ቁመት ያላት ልጅ ስትገኝ መጀመሪያ የሚሰጣት ሥራ ይኸው ነው፤ ሴንተር ይሏታል። ለእኔ ግን ጎበዝ ሴንተር ማለት የቡድኑ ጨዋታ በእጇ የሚያልፍ ልጅ ናት።

ደግሞ እዚያ ተተክለሽ ልቆይ ብትይም ሕጉ አይፈቅድልሽም። ቡድንሽ በተጋጣሚ ሜዳ ኳስ ይዞ ሳለ ቅርጫቱ ፊት ባለው ሳጥን ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም ክልክል ነው። ከሕጉ የሚብሰው ሌላ ነው፤ አንቺ እዚያ ስትቆሚ የምትጠብቅሽም ልጅ አብራሽ ትቆማለች። ጓደኛሽ ተከላካይዋን አልፋ ስትገባ ሁለታችሁ መንገዱን ዘግታችሁ ትጠብቋታላችሁ።

እስኪ ወደ ቅጣት መስመሩ ጫፍ ውጪ። ያ ቦታ እንደ ቡሬ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የመጣው መኪና ወደ ነቀምቴ የሚታጠፈው እዚያ ነው። አንቺም ኳሱን ተቀብለሽ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የምትወስኚው ከዚያ ነው።

ኳሱ ሲመጣ ቆመሽ አትጠብቂው፣ ሄደሽ ተቀበይው። በሁለት እግርሽ እኩል እረፊ፤ ያኔ በፈለግሽው እግር መዞር ትችያለሽ። ኳሱን አገጭሽ ሥር አስገቢው፣ ክርንሽን ከፈት አድርጊ፣ ጉልበትሽን እጠፊ። ጉልበት አልኩሽ እንጂ ትከሻ አላልኩም! መንገድ ላይ «ረጅሟ» ሲሉሽ የምታጎብጪውን ትከሻ ሜዳ ይዘሽ አትግቢ። ከዚያ ዞረሽ መጀመሪያ ቅርጫቱን እዪ። ጠባቂሽ ትጠጋሻለች፤ የሌሎቹም ጠባቂዎች አንቺን ለማየት ፊታቸውን ያዞራሉ። ያኔ አንዷ ጓደኛሽ ከጠባቂዋ ጀርባ ሮጣ ትገባለች፣ አንቺም ታቀብያታለሽ። መሬት አንጥረሽ ግን አይሆንም። የእኛ ሜዳ ጎርባጣ ነው፤ የነጠረ ኳስ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። በአየር፣ ደረቷ ላይ አድርሺላት። ሜዳችን ድሪብል ስለማያስደርግ ነው እኮ በቅብብል የምትጫወት ሴንተር ከሌላው ይልቅ ለእኛ የምታስፈልገን።

አምስታችሁም ከሶስት ነጥቡ መስመር፣ ከ6.75 ሜትር ውጪ የምትቆሙበት አሰላለፍም አለ። ከሩቅ የምታስገባ ልጅ ከሌላችሁ ግን ማንም ወጥቶ አይጠብቃችሁም፤ ለጊዜው ተዉት። ሌላ ረጅም ልጅ ካለች አንቺ ከላይ ቅጣት መስመሩ ጋ፣ እሷ ከታች ቅርጫቱ ጋ ሁኑ። ጠባቂዋ ከፊቷ ገብታ ኳስ ከከለከለቻት ከጎን ለመወርወር አትታገሉ። ኳሱ ወደ አንቺ ይምጣ፤ እሷ ጠባቂዋን በጀርባዋ ይዛ ወደ ቅርጫቱ ትዙር፣ አንቺ ከላይ አሻግሪላት።

ኒኮላ ዮኪችን እዪው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኤንቢኤ ሲመረጥ 40 ልጆች ቀድመውት ተጠርተዋል። ፈጣን አይደለም፣ ከመሬትም ብዙ አይነሳም። ግን ሴንተር ሆኖ ኳስ ሲያከፋፍል ሁሉን ያያል፤ በ2023 ለዴንቨር የመጀመሪያውን ዋንጫ አመጣ። በእጅ ኳስ ስላደግሽ ዘገየሁ የምትይውንም ተይ። ሂውስተንን በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮን ያደረገው ሃኪም ኦላጁዎን ሌጎስ ውስጥ እጅ ኳስና እግር ኳስ ሲጫወት አድጎ ነው ጎረምሳ ሆኖ ቅርጫት ኳስ የጀመረው። ዓለም የሚያደንቅለት ደግሞ የእግሩን ሥራ ነው።

«አንቺ ከወጣሽ ሪባውንዱን ማን ይወስዳል?» ይሉሻል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኳሱ ከተወረወረበት ማዶ ያለችው ልጅ ትግባ፤ አንቺም አቀብለሽ ቆመሽ አትመልከቺ፣ ወደ ቅርጫቱ ተከተይው። አጫጭር ልጆች ያሉበት ቡድን ሲገጥማችሁ ደግሞ ታች ውረጂና በቁመትሽ ተጠቀሚ፤ ማን ይከለክልሻል?

አሰልጣኝሽን በሰው ፊት አትከራከሪው። ልምምድ ሲያልቅ ጠጋ ብለሽ «ኮች፣ ነገ አስር ደቂቃ ከላይ ልሞክረው?» በይው። ከዚያ በፊት ግን ልጆቹን አስለምጃቸው፤ ኳሱ እጅሽ ሲገባ ቆመው የሚያዩሽ ከሆነ የምታቀብያት የለችም።