የኡቡንቱ 24.04 የመጀመሪያ ገጽታ፦ ነባሪ ምርጫዎች በምርምር ሥራ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

የአንድ ስርዓተ ክወና አዲስ እትም በወጣ ሰሞን የሚሰነዘሩ አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ በመልኩ ላይ ያተኩራሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2024 የወጣው ኡቡንቱ 24.04ም ከዚህ አላመለጠም። ይሁን እንጂ ጂኖም 46ን እና የሊኑክስ ከርነል 6.8ን ይዞ የመጣው ይህ እትም ለተመራማሪ ያለው ፋይዳ በይበልጥ የሚታየው ተጠቃሚው ሳይጠየቅ በተመረጡለት ነገሮች ላይ ነው።

አዲሱ መጫኛ ሁለት አማራጮችን ያቀርባል። ነባሪው ምርጫ የድር ማሰሻና ጥቂት መገልገያዎችን ብቻ ይጭናል፤ ሊብረኦፊስ በውስጡ የለም። ሰፊው ምርጫ የቢሮ ፕሮግራሞችን ይጨምራል። የሁለቱም ይዘት ከ5 ጊጋባይት በላይ በሆነው በዚያው የመጫኛ ፋይል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ «ቀጥል» የሚለውን ብቻ እየተጫነ ያለፈ ተማሪ፣ አስቀድሞ ያወረደውን ፕሮግራም እንደገና ከኢንተርኔት ለማውረድ ይገደዳል። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት እየገዛ ለሚሠራ ሰው ይህ እውነተኛ ወጪ ነው። በስናፕ የሚመጡት ፋየርፎክስና ተንደርበርድም እንዲሁ ናቸው፤ ስርዓቱ በነባሪነት በቀን 4 ጊዜ ዝማኔ ይፈልጋል። ይህን በትእዛዝ ማገድ ይቻላል፣ ነገር ግን በመጫኛው ገጾች ላይ የሚነግር የለም።

ከሁሉም የሚከብደው ለውጥ የፓይተን ነው። 22.04 ፓይተን 3.10ን ይዞ ነበር፤ አዲሱ እትም 3.12ን ይዟል። በዚህ ስሪት ዲስትዩቲልስ የተባለው ነባር ሞጁል ከመደበኛው ቤተ መጻሕፍት ስለ ወጣ፣ በእርሱ ላይ የተመረኮዙ የቆዩ የጥናት ኮዶች ላይነሱ ይችላሉ። በተጨማሪም ፒፕ በስርዓቱ ፓይተን ላይ በቀጥታ እንዲጭን ሲታዘዝ አሻፈረኝ ይላል፤ አካባቢው በውጭ የሚተዳደር መሆኑን ገልጾ ይቆማል። በርካታ የቆዩ የላቦራቶሪ መመሪያዎች የሚጀምሩት ግን በዚያው ትእዛዝ ነው። ክልከላውን በኃይል ማለፍ የሚያስችል አማራጭ ቢኖርም፣ ዴስክቶፑ ራሱ የሚጠቀምባቸውን የፓይተን ክፍሎች ሊያበላሽ ስለሚችል አይመከርም። ትክክለኛው መንገድ ለየጥናቱ የተለየ ምናባዊ አካባቢ ማዘጋጀት ነው። ይህም ሌላ ጥቅም አለው፦ የእያንዳንዱ ጥናት ጥገኛ ጥቅሎች ተለይተው ስለሚመዘገቡ ውጤቱን ደግሞ ማረጋገጥ ይቀላል። ክልከላው በመጀመሪያ እይታ እንቅፋት ቢመስልም ተገቢ ነው።

የአፕሊኬሽን ማዕከሉ በተለቀቀበት ወቅት በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ የዴብ ፋይል መጫን አይችልም ነበር፤ ጉድለቱ ኋላ በዝማኔ ተስተካክሏል። በአንድ ሳምንት አጠቃቀም ብቻ የሚሰጥ ብያኔ እንዲህ ባሉ ጊዜያዊ ጉድለቶች ሊዛባ ይችላል።

የግዕዝ ፊደልን በተመለከተ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ ከስርዓቱ ጋር ይመጣል። ተናባቢውንና አናባቢውን በላቲን ፊደል በማስከተል የሚጻፍበት የሴራ ዘዴ ግን፣ በእንግሊዝኛ በተጫነ ስርዓት ላይ፣ በአይባስ በኩል ለብቻው የሚጨመር ጥቅል ይፈልጋል። ጥቅሉ ትንሽ ነው፤ መኖሩን የማያውቅ ተማሪ ግን ስርዓቱ አማርኛ አያስጽፍም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የ22.04 መደበኛ ድጋፍ እስከ 2027 ስለሚዘልቅ፣ የመመረቂያ ጥናቱን በማጠናቀቅ ላይ ያለ ተማሪ አሁን ወደ አዲሱ እትም የሚሸጋገርበት አስገዳጅ ምክንያት የለም።