ከወጪ ቀሪው ስንት ነው?

ሰኔ ሊያልቅ ሲል በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የስቶር በር ላይ «ንብረት ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ በመጨረሻም መደርደሪያው ላይ ያለውና ካርዱ ላይ የተጻፈው ይመሳከራል። ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ያን ቀን የሚገኘው ጉድለት ግን ሰኔ ላይ የተፈጠረ አይደለም። ጥቅምት ላይ አንድ ሠራተኛ ቸኩሎ «በኋላ እመዘግበዋለሁ» ካለበት ዕለት ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው።

ስለ መጋዘን ሲነሳ ብዙ ሰው ቁልፍ፣ ዘበኛና መደርደሪያ ይታየዋል። እኔ ማስተማር የምጀምረው ከአንድ ቁጥር ነው፦ ከወጪ ቀሪ። ይህ ቁጥር እውነት ካልሆነ የጸዳና በሥርዓት የተደረደረ መጋዘን እንኳ ባለቤቱን ያሳስታል። ለምሳሌ የጤና ጣቢያን የመድኃኒት ስቶር እወስዳለሁ። የስኳር መጋዘን ቢሳሳት ገበያ ይጓደላል፤ እዚህ ግን ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ኦክሲቶሲን ስትፈልግ ካርዱ «20 አለ» ብሎ ፍሪጁ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አዲስ የተመደበች የፋርማሲ ባለሙያ እናስብ። ቁልፉን ተረክባ ስትገባ ከየመድኃኒቱ አጠገብ ቢን ካርድ ታገኛለች። ካርዱ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ማስተካከያና ከወጪ ቀሪ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ክፍሎች በሞዴል 20 ይጠይቃሉ፤ ሲወጣ ሞዴል 22 ይዘጋጃል። የካርዱ እያንዳንዱ የገቢና የወጪ መስመር ከእነዚህ ሰነዶች በአንዱ መደገፍ አለበት። ከዚህ በላይ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ካርዱ የሚጻፈው ዕቃው ከቦታው በተነቃነቀበት ቅጽበት ነው። ማታ ወይም ዓርብ ላይ ተጠራቅሞ የሚጻፍ ካርድ የሠራተኛዋን ትዝታ እንጂ የመደርደሪያውን ሁኔታ አያሳይም።

ቁጥር ሲጻፍ መለኪያውም አብሮ ይጻፍ። «አሞክሳሲሊን 10» ማለት ምን ማለት ነው? 10 ካርቶን ነው፣ 10 ፓኬት ወይስ 10 ፍሬ? አንዱ ፓኬት 100 እንክብል ከያዘ፣ አንዲት የተረሳች ቃል ልዩነቱን መቶ እጥፍ ታደርገዋለች። ቆጠራ ላይ «ጠፋ» ከሚባለው አንዳንዱ በመለኪያ መምታታት የጠፋ ነው።

ጉድለት ሲገኝ አሮጌውን ቁጥር መፋቅ ትልቅ ጥፋት ነው። በማስተካከያው ዓምድ አዲስ መስመር ተከፍቶ ልዩነቱ ከነምክንያቱ ይሰፍራል። የጎደለው በአንድ ሞዴል 22 ላይ ከተጻፈው መጠን ጋር ልክ እኩል ከሆነ ያልተመዘገበ ወጪ ሊሆን ይችላል። በየወሩ ትንሽ በትንሽ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ስብራት፣ የአወጣጥ ስህተት ወይም ስርቆት ሊሆን ይችላል። የተፋቀ ካርድ ይህን ሁሉ ይደብቃል።

አደራደሩን በአጭሩ ልለፈው። ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም፤ እርጥበት ከሥር ስለሚመጣ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ፓሌት ላይ ይሆናል። አየር እንዲዘዋወርና ለጽዳት እንዲመች ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። የታችኛው እንዳይጨፈለቅ ክምሩ ከ2.5 ሜትር አይበልጥም። ክትባትና ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይያዛሉ።

የአወጣጡ ነገር ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ለብዙ ሸቀጥ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» ይበቃል። ለመድኃኒት አይበቃም፤ ትናንት የገባው ካምናው ቀድሞ ጊዜው ሊያልፍበት ስለሚችል፣ ቀድሞ የሚወጣው ቀድሞ የሚያበቃው ነው። እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ቢን ካርዱን የምንጽፈው በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ሲሆን ካርቶኑ ላይ የታተመው የፈረንጆቹ ነው። «06/2026» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው በልማድ የካቲት 2026 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ትክክለኛው የጁን 2026 መጨረሻ፣ ማለትም ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው። በሁለቱ ንባቦች መካከል ከ7 ዓመት ከመንፈቅ የሚበልጥ ርቀት አለ! ስለዚህ ርክክብ ላይ ቀኑን ወደ እኛው አቆጣጠር መልሶ በትልቁ ካርቶኑ ላይ መጻፍ፣ ቶሎ የሚያበቃውንም ከፊት ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፦ ምን ያህል እንጠይቅ? ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩበት ሥርዓት በየሁለት ወሩ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሪፖርትና ጥያቄ መላክ ነው። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። መደርደሪያው እስከ 4 ወር ከሞላ፣ በቀጣዩ የጥያቄ ጊዜ 2 ወር ይቀረዋል፤ የቀረው ሁለት ወር አዲሱ ዕቃ እስኪደርስና ያልታሰበ በሽታ ቢነሳ መጠባበቂያ ነው። በመሀል ከግማሽ ወር ፍጆታ በታች ከወረደ ተራ ሳይጠበቅ አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል።

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ወርሃዊው አማካይ ፍጆታ ላይ ነው። ጎበዝ የሚባሉ ባለሙያዎች እንኳ ሲሳሳቱ ያየሁትም እዚሁ ላይ ነው። የኦ.አር.ኤስ. (የተቅማጥ መድኃኒት) ካርድ እንይ። በመጋቢት 360፣ በሚያዝያ 350፣ በግንቦት 130 ፓኬት ወጥቷል፤ ድምሩ 840 ነው። ለሦስት ሲካፈል በወር 280፣ የ4 ወሩ 1,120 ይሆናል። ስሌቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ግንቦት ላይ ፍላጎቱ ለምን ቀነሰ? አልቀነሰም። ግንቦት 10 ላይ ኦ.አር.ኤስ. አለቀ፤ የቀረውን 20 ቀን እናቶች የታመመ ልጅ አዝለው መጥተው «የለም» ተብለው ተመለሱ። ካርዱ የሰጠነውን እንጂ የነፈግነውን አይመዘግብም።

ማረሚያው ቀላል ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆናቸውም ያግዛል። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ የነበረው 30፣ 30 እና 10፣ በድምሩ 70 ቀን ነው። 840 ለ70 ሲካፈል በቀን 12፣ በወር 360 ይመጣል፤ የ4 ወሩ 1,440 ነው። በመጀመሪያው ስሌት የሚጎድለው 320 ፓኬት ለ26 ቀን የሚበቃ ነበር። ያ ጉድለት በዚያ ዙር ብቻ አያበቃም። ያነሰ ተጠይቆ ያነሰ ይመጣል፤ ቶሎ ያልቃል፤ የሚቀጥለው አማካይም የባሰ ዝቅ ይላል። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ መድኃኒት የሚያጥረው፣ በወረቀት ላይ ግን የጠየቀውን ሁሉ ያገኘ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለቀበትና የገባበት ቀን ቢን ካርዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ባዶው መደርደሪያም መረጃ ነው።

1,440ውም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ቀጣዩ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተቅማጥ ስለሚበዛ የአምናውንና የካቻምናውን ክረምት ካርድ አውጥቶ ማየት ይገባል።

ለጀማሪዋ ባለሙያ የመጀመሪያ ሳምንት የምሰጣት ሥራ የሚከተለው ነው። ሁሉንም ልቁጠር ብላ አትነሣ። ቢያልቁ ሰው የሚሞትባቸውን አሥር መድኃኒቶች ትምረጥ፤ ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ቆጥራ ከካርዳቸው ጋር ታመሳክር፤ ማክሰኞ ሌሎች ሁለት፣ እስከ ዓርብ አሥሩ ይዳረሳሉ። ቆጠራውን በኦክሲቶሲን ትጀምር፤ ፍሪጁን ስትከፍት የሙቀት መለኪያውንም አንብባ ትመዝግብ።