የማዘርቦርድ ግዥ በደባርቅ፦ ርካሹ ዕቃ መቼ ይወደዳል?

ደባርቅ ውስጥ የአንድ የቤት ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ቢቃጠል ምትኩን ፍለጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎንደር መውረድ፣ እዚያ ከታጣም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወዳለው አዲስ አበባ ሰው መላክ ሊያስፈልግ ይችላል። በመሆኑም የዕቃው ዋጋ ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ብቻ አይደለም፤ የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ወጪ፣ ከዚህም በላይ ሥራ የተፈታበት ቀን ይደመርበታል። ኮምፒዩተሩ ልጆች የሚማሩበት ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ይቻላል። በብዙ ቤት ግን ያው መሣሪያ ጽሑፍ የሚተየብበት፣ የሱቅ ሒሳብ የሚያዝበትና የተማሪ ጥናታዊ ጽሑፍ የሚታተምበት ስለሆነ ሳምንት ሙሉ መቆሙ ገቢ ያስቀራል። አዲስ አበባ ያለ ገዥ በአንድ ከሰዓት የሚያርመውን ስህተት የዳባትና የደባርቅ ገዥ በሁለት ጉዞ ይከፍለዋል።

ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ሌላው ሁሉ የሚገናኝበት ሰሌዳ ነው። ራም ቢበላሽ ራም ብቻ ይለወጣል። ሰሌዳው ሲበላሽ ግን ተመሳሳዩ ከገበያ ጠፍቶ ከሆነ ፕሮሰሰሩንና ራሙን አስከትሎ ይሄዳል። ኪሳራውም የሚከብደው ለዚህ ነው።

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ወጥቷል፤ በኋላም ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተር ሙሉ በሙሉ በዶላር የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ገዥው ካገለገለ ዕቃ ጋር ቢያወዳድር አይፈረድበትም። ነገር ግን ያገለገለው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱንም ደላላው ሁልጊዜ አይናገርም።

አንደኛው ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የተሰበሰበው የዴል፣ የኤችፒ ወይም የሌኖቮ ሙሉ ኮምፒዩተር ነው። አሠራሩ ጠንካራ ነው፤ ለቢሮ ሥራ ዓመታት የሚያገለግል ሞልቷል። ችግሩ ብዙዎቹ ሞዴሎች የማዘርቦርዳቸው ቅርፅም ሆነ የፓወር ሰፕላያቸው መሰኪያ የኩባንያው የራሱ መሆኑ ላይ ነው። ሰሌዳው ሲቃጠል ገበያ ላይ ያለው መደበኛ ማዘርቦርድ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ፓወር ሰፕላዩ አይገጥመውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር የሚገዛው ተጠቅመው እንደሚጥሉት ዕቃ ተቆጥሮ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ወርዶ ከተገኘ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። መለያው ቀላል ነው፤ አይ5-6500 የሚል ጽሑፍ ስድስተኛ ትውልድ፣ አይ5-8500 የሚለው ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው። በውጭ ያሉ ድርጅቶች የሚያስወግዱት ብዙው ዕቃ የመጀመሪያው ዓይነት መሆኑን ነጋዴው ሊያስብበት ይገባል። ዋጋው የወረደው በበጎ ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት በአዲስ ካርቶን የታሸገ አሮጌ ነው። ኤች61 እና ኤች81 የተባሉት ቺፕሴቶች እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2013 የወጡ ናቸው። ስማቸው ብዙም የማይታወቅ የቻይና አምራቾች ከተጣሉ ሰሌዳዎች የተነቀሉ ቺፕሴቶችን በአዲስ ሰሌዳ ላይ በይደው ይሸጣሉ። «አዲስ የኢንቴል ማዘርቦርድ» ተብሎ ሲቀርብም መጠርጠር ያሻል። ኢንቴል የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ሥራውን በሂደት እንደሚዘጋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ነው። ዛሬ የኢንቴል የሚሆነው በሰሌዳው ላይ ያለው ቺፕሴት እንጂ ሰሌዳው አይደለም።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ለቤት ሥራ ማይክሮ ኤቲኤክስ የተባለው፣ ጎንና ጎኑ 24.4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሰሌዳ ይበቃል። በአብዛኛው መደበኛ ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ ምትክ ማግኘትም አያስቸግርም። ኤሱስ፣ ጊጋባይት፣ ኤምኤስአይና አስሮክ፣ አራቱም የታይዋን ኩባንያዎች፣ በገበያ በስፋት የሚገኙ ስሞች ናቸው። ከኩባንያው ስም ይበልጥ ግን ቺፕሴቱ ይታይ። በ«ኤ» ወይም በ«ኤች610» የሚታወቁት ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ሁለት የራም ቦታ ብቻ አላቸው፤ «ዜድ» የሚሉት ፕሮሰሰርን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ለሚያስሮጥ ሰው የተሠሩ በመሆናቸው የቤት ተጠቃሚው ለማይነካው ነገር ይከፍልባቸዋል። መካከለኛዎቹ፣ ለኤኤምዲ ቢ550፣ ለኢንቴል ቢ660 ወይም ቢ760፣ ለዚህ አካባቢ ገዥ ይሻላሉ።

በከተማ ያለ ገዥ «የጎደለውን በኋላ እጨምራለሁ» ቢል ያምርበታል። ለደባርቅ ግን ሁሉ ነገር ሰሌዳው ላይ አብሮ መምጣቱ ቅንጦት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚጨመር ካርድ ሌላ ጉዞ ነው። አራት የራም ቦታ፣ ለኤስኤስዲ የሚሆን ኤም.2 መሰኪያ፣ የኔትወርክ መስመር፣ ከተቻለም ዋይፋይ፣ ለፕሪንተርና ለፍላሽ የሚበቃ ዩኤስቢ ይኑረው። ኤችዲኤምአይ ብቻ ሳይሆን አሮጌው ቪጂኤ መኖሩም ይታይ። ቤት ያለው ስክሪን ቪጂኤ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሰሌዳው ደርሶ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል።

ስክሪን የሚያጨልም ሌላም ስህተት አለ። ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ ሲሆን 5600ጂ ግን አለው። ግራፊክስ የሌለው ፕሮሰሰር ሲገጠም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የስክሪን መሰኪያ ሁሉ ሥራ ፈት ነው፤ ለብቻው ካርድ ይገዛለታል። ራሙም ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 ካርቶኑ ላይ ይነበብ። ቢ760 ሰሌዳዎች በሁለቱም ዓይነት ይወጣሉ፣ አንዱ ራም በሌላው ቦታ አይገባም።

የዕድሜውን ነገር የሚወስኑት ብዙ ጊዜ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ቆርቆሮ መሰል ክፍሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈሳሻቸው የተበላሸ ካፓሲተሮች በዓለም ገበያ ተሠራጭተው እጅግ ብዙ ማዘርቦርድ ያቃጠሉ ሲሆን፣ ዴል በ2005 ለዚሁ ጥገናና ቅያሪ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ያገለገለ ሰሌዳ ሲገዛ አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካፓሲተር መኖሩን በዓይን ማየት ይቻላል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የዚህ ክፍል ዕድሜ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል ተብሎ ስለሚገመት የደጋው ብርድ ቢያንስ በዚህ በኩል ባለውለታ ነው። በሌላ በኩል አየሩ ስስ በመሆኑ የማራገቢያው የማቀዝቀዝ አቅም ይቀንሳል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸውን የሚመድቡት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደባርቅ ከዚህ በታች ስትሆን፣ ወደ ራስ ደጀን የሚወጡ ተጓዦች የሚያድሩባት አምቢኮ ግን ከመስመሩ በላይ ነች። እዚያ ለሚገጠም ኮምፒዩተር የአየር መግቢያውን ከአቧራ ማጽዳትና ሳጥኑን ከግድግዳ ማራቅ ይጠቅማል።

ከሁሉም የሚብሰው ጠላት መብራት ነው። ሰሌዳውን አብዝቶ የሚጎዳው መብራት መጥፋቱ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ከ220 ቮልት በላይ መዝለሉ ነው። ለማዘርቦርዱ የሚከፈለውን ጨምሮ ስሙ ባልታወቀ ቀላል ፓወር ሰፕላይ ላይ ገንዘብ የሚቆጥብ ገዥ ቆጠበ አይባልም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ከሰሌዳው ጋር እንደ አንድ ዕቃ ታስበው ቢገዙ ይሻላል። በክረምት የመብረቅ ወቅት ደግሞ የመብራቱም የኔትወርኩም ገመድ ይነቀል።

«ማዘርቦርዱ ሞቷል» ለሚል ጥገኛም ወዲያው ገንዘብ አይቆጠርለትም። ሰሌዳው ላይ ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቶሎ ትደክማለች። ያኔ ቀኑ ይዛባል፣ ኢንተርኔቱ ገጾችን አልከፍትም ይላል፣ አንዳንዱ ማሽን ሲነሳ ይቆማል። ባትሪዋን ለውጦ ማየት ከሁሉ ይቀድማል።

ግዥው ላይ ሻጩ ሱቅ ውስጥ ፕሮሰሰርና ራም ገጥሞ ስክሪን ላይ እንዲያሳይ ማድረግ፣ የሰሌዳው መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ የዋስትናው ጊዜ ስንት እንደሆነና ዕቃው ሲመለስ የጭነቱን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በአዲሶቹ የኢንቴልና በኤኤም5 ሰሌዳዎች ላይ የፕሮሰሰሩ ቦታ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ከታጠፉ ብዙ ሻጮች ዋስትናውን አይቀበሉም። ስለዚህ የተከደነበት ፕላስቲክ አይጣል፤ ሰሌዳው ሲመለስ እሱኑ ገጥሞ መላክ ያስፈልጋል።