ፕሮግራሙ ነው የተቀየረው ወይስ ኮምፒውተሩ?

በዛሬው ጽሑፍ ስለ ኮምፒውተር ሴቲንግ እንማማራለን። ኮምፒውተር ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ አንዱን ለሁሉም ነው። እናትና አባት ይሠሩበታል፣ ልጆች ያጠኑበታል። ስለዚህ አንዱ የቀየረው ነገር ሌላውን ሊያስቸግር ይችላል።

ሴቲንግ ሁለት ዓይነት ነው።

1ኛ. የፕሮግራሙ የራሱ ሴቲንግ፦ ለምሳሌ ወርድ ላይ ኮንትሮልን ተጭነን የማውሱን ጎማ ብናሽከረክር ጽሑፉ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ፊደሉ ግን አላደገም፤ ፕሪንት ሲደረግ በፊት በነበረው መጠን ነው የሚወጣው። ሌሎቹ ፕሮግራሞችም አልተነኩም።

2ኛ. የኮምፒውተሩ ሴቲንግ፦ ከታች በስተቀኝ ባለችው የስፒከር ምልክት ድምፅ ብናጠፋ የዘፈኑም የጌሙም የቪዲዮውም ድምፅ ይጠፋል።

አስቸጋሪው ግን አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሆነን የኮምፒውተሩን ሴቲንግ የምንቀይርበት ጊዜ ነው። እስቲ በዊንዶውስ 10 እንይ።

ሀ. ፎቶ እያየን ራይት ክሊክ አድርገን ባክግራውንድ እንዲሆን ብናዝ የዴስክቶፑ ፎቶ ይቀየራል። ፎቶውን የከፈትንበትን ፕሮግራም ብንዘጋውም አይመለስም።

ለ. ፋይል ስንከፍት "ሁልጊዜ በዚህ ክፈት" የሚለው ላይ ምልክት ካደረግን ከዚያ በኋላ የዚያ ዓይነት ፋይል ሁሉ በዚያው ፕሮግራም ይከፈታል።

ሐ. አዲስ ፕሮግራም ስንጭን ሳናነብ ኔክስት፣ ኔክስት ካልን "ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሬ ልነሳ" የሚለውንም አብረን ልንፈቅድ እንችላለን። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሲበዛ ኮምፒውተሩ ሲበራ ይንቀራፈፋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ስክሪኑ ጨለም ብሎ "ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ?" ብሎ ሲጠይቅ ቶሎ ብለን "የስ" አንበል። የፕሮግራሙን ስም እናንብብ፤ ካላወቅነው "ኖ" እንበል። ይህ ጥያቄ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው።

• ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። "ስታርትአፕ" በሚለው ውስጥ አብሮ የሚነሳውን ፕሮግራም መርጠን "ዲሴብል" እንላለን። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ስንፈልገው ራሳችን እንከፍተዋለን።

• ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ አካውንት ቢከፈት ጥሩ ነው። ያኔ ከላይ በሀ እና በለ ያየናቸው ለውጦች የቀየረው ሰው አካውንት ላይ ብቻ ይቀራሉ። የአድሚኑ ፓስወርድ ወላጅ ጋ ይሁን። ቀንና ሰዓት ግን የሁሉም አንድ ነው፤ ቀኑ በጣም ከተሳሳተ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም።

• ከመቀየራችን በፊት የነበረውን ደብተራችን ላይ እንጻፈው። ለመመለስ ይቀለናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ጥያቄ፦ የቪዲዮ ማጫወቻው ድምፅ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ምንም ካልተሰማ ቀጥለን የት እናያለን? መልሱን የሚያውቅ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ይምጣ።