የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ፦ አመዳደቡ፣ አኗኗሩና የመራቢያ ወቅት ጥበቃው

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለዓሣ አስጋሪ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በጣና ዙሪያ በገበያም ሆነ በማኅበራት መዝገብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት የዓሣ ስሞች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቆሮሶ አንድ ዝርያ ነው፤ አምባዛም እንዲሁ። ነጭ ዓሣ የሚለው ስም ግን ቢያንስ 15 ዝርያዎችን በአንድነት ይሸፍናል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ዝርያዎች እንዴት እንደሚለዩና በመራቢያ ወቅት ለምን ልዩ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው ባጭሩ እናቀርባለን።

አመዳደብ

ነጭ ዓሣ ሲፕሪኒዴ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ፣ ላቤዎባርበስ ከሚባለው ወገን ይመደባል። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ምግባቸውን የሚያደቁት በጉሮሮአቸው ውስጥ በሚገኙ ጥርሶች ነው። እውነተኛ ጨጓራም የላቸውም። ላቤዎባርበስ በአፉ ዙሪያ ባሉት ሁለት ጥንድ ጢሞችና በቅርፊቱ ላይ ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች ይታወቃል።

ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣና የተገኙ በርካታ ዓይነቶችን ለይቶ ገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት ግን አብዛኛዎቹ እንደ አንድ ዝርያ ተቆጠሩ። ናገልኬርከና ሲቢንግ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የራስን፣ የአፍንና የአካልን ቅርጽ፣ እንዲሁም ምግብንና የመኖሪያ ስፍራን አመሳክረው 15 ዝርያዎችን ለዩ። ከጣና የሚወጣውን ውኃ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚያቋርጠው ከታች ያሉ ዓሦች ወደ ሐይቁ ሊወጡ አይችሉም። ስለዚህ የጣና ዝርያዎች ተለይተው ኖረዋል፤ ከዚያ ቢጠፉ ከሌላ ቦታ ሊተኩ አይችሉም።

አኗኗርና ምግብ

ዝርያዎቹ ሐይቁን በምግብ ተከፋፍለውታል። ወፍራም ከንፈር ያለው ዓይነት በድንጋይና በጭቃ መካከል የሚገኙ የነፍሳት እጮችን ይለቅማል። አጭር ራስ ያለው በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ያጠልላል። ቀንድ አውጣ የሚበላና የውኃ ተክል የሚመገብም አለ። ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው። ጥርስ በሌለው መንጋጋና ያለ ጨጓራ ዓሣ እያደኑ መኖር በዚህ ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ያልተለመደ ነገር ነው።

መራባት

ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥሩ አየር ባለው፣ ጥርት ብሎ በሚፈስ የገባር ጅረት ጠጠር ላይ ነው። ወደዚያ ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ላይ በብዛት ይሰበሰባሉ። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በአንድ ጠባብ ስፍራ በጥቂት መረብ እጅግ ብዙ ዓሣ ይያዛል፤ የሚያዘውም እንቁላል የያዘው እናት ዓሣ ነው።

በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ በተደረገው ክትትል የነጭ ዓሣ ምርት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታይቷል። ነጭ ዓሣ በዝግታ አድጎ ዘግይቶ ለመራባት ስለሚደርስ፣ አንዴ ከተመናመነ ቶሎ አያገግምም።

ምን ይደረግ?

1. ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍና በወንዙ ውስጥ መረብ አይዘርጋ። ስምምነቱ የማኅበሩ ሁሉ ይሁን። አንዱ ታቅቦ ሌላው ካሰገረ፣ የተጎዳው የታቀበው ብቻ ይሆናልና በሚቀጥለው ዓመት የሚታቀብ አይገኝም። አጎራባች ማኅበራትም አብረው ይወስኑ።

2. የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ጅረት ውስጥ መጨመር ይቁም። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ጫጩቱንም ይጨርሳል። ይህ የሚደረገው ከሐይቁ ርቆ ባለው ጅረት ስለሆነ፣ የልማት ሠራተኛው በላይኛው ተፋሰስ ያሉትን ገበሬዎችም ማነጋገር ይኖርበታል።

3. ዓሣው ከሚራባባቸው ጅረቶች ጠጠርና አሸዋ አይውጣ፤ እንቁላሉ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነውና።

4. የምርት መዝገብ ላይ "ነጭ ዓሣ" ብሎ በጅምላ መጻፍ አይበቃም። የሁሉንም ዝርያዎች ስም ማወቅ ባይቻል እንኳ በአራት ይከፈል፤ ትልቅ አፍ ያለው፣ ሹል ራስ ያለው፣ አጭር ራስ ያለውና ወፍራም ከንፈር ያለው። የቀረውን "ሌላ" በሚል መመዝገብ ይቻላል። የተያዘበት ወርና ቦታም ይጻፍ።

የጅምላ መዝገብ ጉዳትን ይደብቃል። ጠቅላላው ክብደት ሳይለወጥ አንዱ ዓይነት ሊያልቅ፣ ሌላውም ቦታውን ሊሸፍን ይችላል። ለይቶ የሚመዘግብ ማኅበር ግን የትኛው እየቀነሰ እንደሆነ ጊዜው ሳያልፍ ያውቃል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ነገር ግን በክረምት ማለዳ በጉማራ አፍ ላይ የሚገኘው አዋጁ ሳይሆን አስጋሪው ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት ሰኔ ሳያልቅ፣ መረብ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ለየማኅበሩ አባላት እንዲያዳርሱ እናሳስባለን።